የፊት ውበት በቁጥር ይለካል ወይ? የሐዋሳ ፎቶ አንሺዎችና የሜካፕ ባለሙያዎች የተከራከሩበት ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደውን ውይይት፣ የከፈተው ሐዋሳ ውስጥ ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። በስልክ የሚጫን አንድ አፕ የሰው ፊት ፎቶ ተቀብሎ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ መለኪያው አንዱ ርዝመት ለሌላው ሲካፈል ይወጣል የሚባለው ወርቃማው ሬሾ፣ 1.618 ነው። ሙሽሮች ነጥባቸውን ይዘው ወደ ስቱዲዮ እየመጡ አፍንጫቸው እንዲጠብ፣ አገጫቸው እንዲረዝም፣ ዓይናቸው እንዲሰፋ ያዛሉ። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ሁለት ነገር ነው። ውበት እንዲህ የሚለካ ከሆነ ለኤዲቲንግ መመሪያ አድርገን ለምን አንይዘውም? ካልሆነስ ለደንበኛዋ ምን ተብሎ ይመለስላት?

መልሶቹ 27 ደርሰዋል። የየመልሱን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ፤ አንዳንዱን አሳጥሬ፣ ለሥራችን የሚጠቅመው ላይ ቆይቼ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ጠያቂውን አመስግኖ አለፈ። መልስ 2 በሐሳቡ ተስማማ፤ ሥዕል የተማረ ሁሉ የሚያውቀውን ደንብም ጠቀሰ። ፊት ከፀጉር መስመር እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የአንድ ዓይን ስፋት ነው።

መልስ 3 በትሕትና አረመው። ደንቡ ሠዓሊዎች ፊትን ቶሎ ለመንደፍ የሚይዙት መነሻ እንጂ ሰው ተለክቶ የተገኘ አይደለም። ተመራማሪው ሌስሊ ፋርካስና ባልደረቦቹ በ1985 የወጣት ሰሜን አሜሪካውያንን ፊት ለክተው ከነዚህ ደንቦች ጋር ሲያስተያዩ፣ ብዙዎቹ ደንቦች በአብዛኛው ሰው ላይ አልሠሩም። ስለ 1.618 የሰጠው ስሌት ደግሞ ሁላችንም ልንይዘው የሚገባ ነው። ፊት ላይ 30 ነጥብ ብናስቀምጥ በነጥቦቹ መካከል 435 ርቀት ይወጣል። ከ435 ርቀት ሁለት ሁለቱን እያጣመርን ብናካፍል ከ94 ሺህ በላይ ሬሾ እናገኛለን። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ 1.618 የሚጠጋ የማይገኝበት ፊት የለም፤ የቆንጆም ይሁን የሌላ። አፑ የትኞቹን እንደመረጠና ለምን እንደመረጠ ካልተናገረ ነጥቡ ትርጉም የለውም።

መልስ 4 ያነሳው ልኬቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው። አፑ የፊት ርዝመትን የሚለካው ከፀጉር መስመር ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ፀጉሯ ወደ ኋላ ስለሚሳብ ግንባሯ ይረዝማል፤ ሻሽ ካሰረች አፑ የፀጉሩን መስመር በግምት ያስቀምጠዋል። አገጭ ትንሽ ቀና ሲል የፊቱ የታችኛው ክፍል ይረዝማል፣ ዝቅ ሲል ያጥራል። ፈገግታ አፍንጫን ያሰፋል። ስለዚህ አንዲት ሴት በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዓይነት ነጥብ ልታገኝ ትችላለች።

መልስ 5 ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አፍንጫ ይጥበብልኝ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። አፑ ላይ የሚጫነው ሰልፊ ነው፤ ሰልፊ ደግሞ ከ30 ሳ.ሜ. ገደማ ይነሳል። ጆሮ ከአፍንጫ ጫፍ 12 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ኋላ ነው እንበል። ስልኩ ከአፍንጫው 30 ሳ.ሜ. ሲርቅ ከጆሮው 42 ሳ.ሜ. ይርቃል፤ ያኔ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 1.4 እጥፍ ጎልቶ ይሳላል። ስልኩ 1.5 ሜትር ላይ ሲሆን ጆሮው 1.62 ሜትር ላይ ነው፤ ጉልህነቱ ወደ 1.08 ይወርዳል። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ስሌትም ከ30 ሳ.ሜ. የተነሳ ሰልፊ ከ1.5 ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። መልስ 5 የሚመክረው ቀላል ነው። ደንበኛዋን ከ30 ሳ.ሜ.፣ ከ60 ሳ.ሜ. እና ከ1.5 ሜትር አንስታችሁ፣ ፊቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ክሮፕ አድርጋችሁ (ዳር ዳሩን ቆርጣችሁ) ሦስቱን ጎን ለጎን አሳዩዋት። የምታማርርበት አፍንጫ ሦስተኛው ላይ የለም። ለሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ በክሩ ውስጥ አላየሁም።

መልስ 6 ነገሩ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በመግዛት ያልቃል አለ። መልስ 7 ወዲያው አቃናው። ፊትን የሚቀይረው ርቀቱ ነው፤ ረጅም ሌንስ የሚረዳው ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ እንዲሄድ ስለሚያስገድደው ነው። ስልክ ብቻ ያለው ሰው 1.5 ሜትር ርቆ ክሮፕ ቢያደርግ የፊቱ ቅርጽ ያው ነው፤ የሚቀንሰው የፎቶው ጥራት ነው።

መልስ 8 በሜካፕ ሥራ ላይ ያለች ሴት የጻፈችው ሲሆን፣ ሙሽራዋ ያልወደደችውን ፎቶ እናቷና ሚዜዎቿ ለምን እንደሚወዱት አብራርታለች። ሰው የራሱን ፊት የሚያውቀው በመስታወት፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው፤ ሌሎች የሚያውቁት ሳይገለበጥ ነው። በ1977 ሚታ፣ ደርመርና ናይት ባደረጉት ሙከራ ሴቶቹ የተገለበጠውን የራሳቸውን ፎቶ ሲመርጡ ጓደኞቻቸው ያልተገለበጠውን መርጠዋል። ምንም ፊት ፍጹም እኩል ስላልሆነ የቅንድብ ከፍታና የከንፈር ጥግ ሲገለበጥ የፊቱን ባለቤት ይረብሻል። ሙሽራዋ ፊቴ ተጣመመ ካለች ሌላ ነገር ከመነካካት በፊት ፎቶውን ገልብጦ ማሳየት ነው። ከወደደችው ችግሩ የልምድ ነው። ሲታተም ግን ቬሎዋ ላይ ያለው አበባና የፀጉሯ ክፍፍል በተቃራኒ ስለሚሆን መመለስ አለበት።

ከመልስ 9 እስከ 12 ያለው ክፍል ወደ ምርምሩ ገባ። መልስ 9 አማካይ ፊት ቆንጆ ነው የሚለውን ግኝት አመጣ። ፍራንሲስ ጋልተን በ1878 የወንጀለኞችን ፎቶ አንዱን በሌላው ላይ እየደራረበ የወንጀለኛ መልክ የሚባል ነገር ሲፈልግ፣ ድርቡ ምስል ከእያንዳንዱ ሰው ይልቅ ያማረ ሆኖ ወጣ። በ1990 ላንግሎይስና ሮግማን በኮምፒውተር 16 እና 32 ፊቶችን ሲያዋሕዱ ያው ሆነ።

መልስ 10 የፎቶ ሰው ዓይን ስላለው ድክመቱን አየ። ፊቶች ሲደራረቡ ቆዳው ይለሰልሳል፤ ቡግሩም ጠባሳውም ይጠፋል። ሰዎቹ የወደዱት ቅርጹን ነው ወይስ ልስላሴውን? መልሱ ቅርጽንና ቆዳን ለይቶ መሥራት ነው። በየፊቱ የዓይን ጥግ፣ የአፍንጫ ክንፍ፣ የከንፈር ጥግና የአገጭ ነጥብ ምልክት ይደረጋል፤ የነጥቦቹ አማካይ ይወሰዳል፤ ከዚያ የአንድ ሰው ቆዳ በአማካዩ ቅርጽ ላይ ይዘረጋል። እንዲህ ሲሆንም አማካይነት ዋጋ አለው፤ ግን ብቻውን አይደለም። በ1994 ፔሬትና ባልደረቦቹ ይበልጥ ቆንጆ የተባሉትን ፊቶች ብቻ ለይተው አማካያቸውን ሲሠሩ፣ ከሁሉም አማካይ በልጦ ተገኘ። በሁለቱ አማካዮች መካከል ያለውን ልዩነት አጋንነው ሲስሉት ደግሞ ይበልጥ ተወደደ። አማካይ መሆን ያምራል፤ በጣም የሚያምሩት ግን ከአማካይ የወጡት ናቸው።

መልስ 11 የግራና ቀኝ መመጣጠንን አነሳ። ፎቶውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ግማሹን በራሱ ላይ በመገልበጥ ሙሉ ፊት ሠርቶ ማየት በቂ ፈተና ነው አለ። መልስ 12 ዘዴው ለምን እንደሚበላሽ በዝርዝር አሳየው፤ ክሩ ውስጥ ካሉት እርማቶች ሁሉ ንጹሑ ይህ ነው። ጭንቅላቱ በትንሹ ዞር ካለ ወይም አፍንጫው ከመሃል ፈቀቅ ካለ፣ አንዱ ግማሽ ሲገለበጥ ሰፊ አፍንጫና የተራራቁ ዓይኖች ይሰጣል፤ ሌላው ጠባብ ፊት። ስለዚህ በዚህ ዘዴ የተሠሩ የቀድሞ ሙከራዎች ሰው የተመጣጠነ ፊት አይወድም እስከማለት ደርሰው ነበር። ትክክለኛው አሠራር ሙሉ ፎቶውን ገልብጦ፣ የዋናውንና የግልባጩን ነጥቦች አማካይ መውሰድ ነው። በ1998 እነ ሮድስ እንዲያ ሲያደርጉ መመጣጠን ፊትን እንደሚያሳምር ታየ። ውጤቱ ግን አፖቹ እንደሚያወሩት አይደለም፤ ተፈጥሯዊ የሆነ ትንሽ መዛነፍ ዓይን አይቆጥረውም። ሊኩፋይ የሚባለውን ቅርጽ የሚገፋና የሚስብ የኤዲቲንግ መሣሪያ ይዞ ሁለቱን ቅንድብ በሚሊ ሜትር ማስተካከል ፊቱን የማይታወቅ ያደርገዋል።

ለእኔ የክሩ እምብርት መልስ 13 ነው። አማካይ ቆንጆ ነው ከተባለ የማን አማካይ? ብሎ ይጀምራል። በታንዛኒያ ኤያሲ ሐይቅ አካባቢ፣ ልክ እንደ ሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የሐድዛ አዳኞች ይኖራሉ። በ2007 እነ አፒሴላ ለሐድዛዎችና ለእንግሊዛውያን የሁለቱንም ሕዝብ አማካይ ፊቶች አሳዩ። እንግሊዛውያኑ በሁለቱም ወገን አማካዩን መረጡ። ሐድዛዎቹ አማካዩን የመረጡት በሐድዛ ፊት ላይ ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ፊት ብዙም ስለማያዩ ለእሱ የሚሆን አማካይ ዓይናቸው ውስጥ አልነበረም። ይህ ማለት ዓይን መለኪያውን የሚቀምረው ካያቸው ፊቶች ነው። እዚህ ላይ ወደ አፑ ይመለሳል። በ2010 ከዓይን እስከ አፍ ያለው ርቀት የፊት ርዝመት 36 በመቶ፣ በዓይኖች መካከል ያለው ደግሞ የፊት ስፋት 46 በመቶ ሲሆን እንደሚወደድ የተገኘው በነጭ ሴቶች ፎቶ ነው፤ ቁጥሮቹም የእነዚያው ሴቶች አማካይ ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለ ቁጥር ለአንዲት የሲዳማ ወይም የወላይታ ልጅ ፊት የሚያወጣው ነጥብ ከሌላ ሕዝብ አማካይ ምን ያህል እንደራቀች የሚናገር ነው። ለጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል እኔም የምቆምበት መልስ ይህ ነው።

ይኸው መልስ ለኤዲተሮች አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል። በ2003 ሮድስና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ የተዛቡ ፊቶችን ለጥቂት ደቂቃ ያየ ሰው ውብ የሚለው ነገር ወደ ተዛባው ያዘነብላል። ቀኑን ሙሉ ፊት ሲያጠብ የዋለ ኤዲተርም ማታ ላይ ያልተነካውን ፊት ሰፊ አድርጎ ያየዋል። መድኃኒቱ በየ20 ደቂቃው ዋናውን ፎቶ ከፍቶ ማየት፣ ሥራውን ገልብጦ መፈተሽና የመጨረሻውን ውሳኔ ለጠዋት ማቆየት ነው።

መልስ 14 በቁጣ ገባ። ሕፃናት እንኳ ቆንጆ ፊት ላይ ዓይናቸው ይቆያል፤ ታዲያ ምን የልምድ ወሬ ታወራላችሁ ሲል መልስ 13ን ዘለፈ። መልስ 15 በእርጋታ መለሰለት። የላንግሎይስ የ1987 ሙከራ እውነት ነው፤ የሁለትና የሦስት ወር ሕፃናት አዋቂዎች ቆንጆ ያሏቸውን ፊቶች ረዘም አድርገው አይተዋል። ነገር ግን የሁለት ወር ሕፃን ብዙ ፊት አይቷል፤ ደግሞም ለአማካይ የቀረበ ፊት ለአእምሮ ለመያዝ ቀላል በመሆኑ ብቻም ዓይን ሊቆይበት ይችላል። ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም።

ከዚያ ክሩ ጋለ። መልስ 16 ገበያው የሚፈልገው ቀይ ፊት ነው፤ ጠይሟን አንጥቶ መስጠት ንግድ ነው አለ። መልስ 17 ወንድም ዓለም ብሎ ቢጀምርም ከዚያ በኋላ ለስላሳ ቃል አልነበረውም፤ እንዲህ መቆጣቱም ተገቢ ነው። በ2006 ፊንክ፣ ግራመርና ማትስ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች ቆዳ በአንድ ዓይነት የፊት ቅርጽ ላይ አልብሰው ሲያሳዩ፣ የቆዳው ቀለም ወጥ መሆን ወጣትና ማራኪ አስባለ። ተሳታፊዎቹ ፈረንጆች ናቸው፤ የተለካውም ወጥነት እንጂ ንጣት አይደለም። ፎቶ አንሺ ጠይም ፊት አላምር ሲለው ጥፋቱ የኤክስፖዠር፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባው የብርሃን መጠን ነው። ነጭ ቬሎ ፍሬሙን ከሞላው ካሜራው ያጨልማል፣ ፊቱም ይጠቁራል፤ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ መጨመር ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ብርሃንን ከአንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ስፖት ሜትር ጠይም ጉንጭ ላይ ከተደረገ ደግሞ ካሜራው አብዝቶ ስለሚያበራ እስከ አንድ ስቶፕ መቀነስ ያስፈልጋል።

መልስ 17 በዚህ አላበቃም። ፊትን በፎቶ ማንጣት በክሬም ወደማንጣት ይወስዳል ብሎ፣ በየሱቁ የሚሸጡትን ዘረዘረ። ክሎቤታሶል ያለባቸው ክሬሞች የስቴሮይድ መድኃኒት ናቸው፤ ፊት ላይ ሲቆዩ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያወጣሉ፣ ቡግር ያመጣሉ፤ ሲቋረጡም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ተጠቃሚዋ ክሬሙን በአንድ ቀን ከመጣል ይልቅ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ቀስ በቀስ ብትተው ይሻላል። መልስ 18 የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ መልስ 16ንና መልስ 17ን የጻፉት ስድብ እንዲያቆሙ አሳስቦ የመልስ 16ን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዘ።

መልስ 19 ወደ ሜካፕ መለሰን። ሪቻርድ ራስል በ2009 እንዳሳየው የሴት ፊት ከወንድ ይልቅ በዓይንና በከንፈር ዙሪያ ከቆዳው ጋር የጠለቀ የቀለም ልዩነት አለው፤ ሜካፕ የሚያደርገውም ይህን ልዩነት ማጉላት ነው። ኩል በዚህ ምክንያት ሠርቶልናል። ስህተቱ የሚመጣው ከንፈር ላይ ፋውንዴሽን ደፍኖ ቆዳ የሚመስል ሊፒስቲክ ሲቀባ ነው፤ ልዩነቱ ይጠፋና ፊቱ ይፈዛል። አንገት ላይ ካለው ቀለም የነጣ ፋውንዴሽን ደግሞ በፎቶ አመድማ ይሆናል። እጅ ላይ ሳይሆን መንጋጋ ላይ፣ በር አጠገብ በቀን ብርሃን ሞክሮ፣ ቀለሙ ስለሚቀየር 10 ደቂቃ ጠብቆ መወሰን ነው።

መልስ 20 ጨመረ። ሲሊካ ያለበት ነጭ ፓውደርና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት የፀሐይ መከላከያ በዓይን አይታዩም፤ ፍላሽ ሲነካቸው ግን ከዓይን ሥር ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ሙሽራዋ ከሳሎኑ ከመውጣቷ በፊት አንድ ፎቶ በፍላሽ ማንሳት ይበቃል። አፍንጫ ለማጥበብ የሚሰመረው ጥቁር መስመርም በፍላሽ ጭቃ የመሰለ ሁለት ሰረዝ ሆኖ ይቀራል።

ከ21 እስከ 23 ወሬው ወደ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ሄደ። ቀትር 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ አፍንጫ ጥላ ይጥላል፤ ዛፍ ጥላ ሥር መግባት ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ በመሆኑ ከ11 ሰዓት በኋላ ሙሽሮች ሐይቁን ከኋላ አድርገው ሲቆሙ ብርሃኑ ከጀርባቸው ነው፤ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሪፍሌክተር ከደረት ከፍ ብሎ ካልተያዘ ፊታቸው ይጠፋል፣ ከታች ከተያዘም ብርሃኑ ከአገጭ ሥር ይመጣና ፊቱን ያስፈራራል። ከዚያ ስለ ቅዳሜና እሁድ ግርግርና አባ ኮዳ ስለሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጥቂት ተባለ።

መልስ 24 ያነሳው ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ቢወራበት ደስ ባለኝ። የፊት ማስዋቢያ አፖች ፍንጭት ጥርስን እንደ ጉድለት ቆጥረው ይደፍናሉ፤ የድድ ንቅሳትን እንደ በሽታ ያቀላሉ፤ ስርጉድ ጉንጭን እንደ ጥላ ይሞላሉ፤ የአንገትና የግንባር ንቅሳትን ያጠፋሉ። እኛ ዘንድ የሚደነቀውን ሁሉ ማለት ነው። ኤዲተሩ አውቶማቲኩን ዘግቶ፣ የሚነሳው በሳምንት የሚጠፋ ነገር ብቻ መሆኑን መያዝ አለበት፤ ቡግር ይነሳል፣ ፍንጭትና ማርያም ስማኝ ይቆያሉ። ከደንበኛዋ ጋርም ሥራው ሳይጀመር ይህን መነጋገር።

መልስ 25 የተጣሉትን ሊያስታርቅ ሞከረ። ዮሃንስ ሆነኮፕ በ2006 እንደመረመረው ስለ ፊት ውበት ከምንሰጠው ፍርድ ግማሽ ያህሉ የጋራ ነው፤ ግማሹ የየራስ። በ2015 መንትዮችን ያጠና ሥራ ደግሞ የየራሱ ክፍል የሚመጣው በአብዛኛው ከዘር ሳይሆን ሰው በሕይወቱ ካጋጠመው መሆኑን አሳየ፤ አብረው ያደጉ መንትዮች እንኳ ይለያያሉ። ስለዚህ መልስ 13ም መልስ 14ም የያዙት ነገር አለ።

መልስ 26 ይህን በስቱዲዮ መሞከር ለሚፈልግ አሠራሩን ጻፈ። ፈቃድ የሰጡ 20 ሰዎችን ከ1.5 ሜትር፣ በአንድ ብርሃን፣ ካሜራው በዓይናቸው ከፍታ ሆኖ ማንሳት፤ በ10 በ15 ሳ.ሜ. ወረቀት ፊቱን እኩል አድርጎ ማተም፤ ሰዎቹን የማያውቁ 10 ዳኞች አንዱ የሌላውን ሳይሰማ በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጡ ማድረግ፤ ከሳምንት በኋላ ፎቶዎቹን በዋውዞ መድገም። አንድ ዳኛ ከራሱ ጋር ካልተስማማ ፍርዱ የአጋጣሚ ነው፤ ከራሱ ጋር ተስማምቶ ከሌሎች ከተለየ ግን የራሱ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ዙር ከሌለ እነዚህን መለየት አይቻልም።

መልስ 27 አንድ ነገር ብቻ አከለ። በስልክ የሚያነሳ ሰው የማስዋቢያ ሞዱን ይዝጋ፤ አንዳንድ ስልኮች ፖርትሬት ሲመረጥ መልሰው ስለሚከፍቱት፣ ከእያንዳንዱ ሰው በፊት የሙከራ ፎቶ አንስቶ፣ ጉንጩን አጉልቶ የቆዳው ቀዳዳዎች መታየታቸውን ያረጋግጥ።